ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ? ደብረ ብርሃን ላይ የገጠመን

የሙሽራዋ ወንድም ፎቶ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋ አልነበረም። «ጋሼ፣ የምትይዙት ካሜራ ፉል ፍሬም ነው አይደል?» አለ አለቃችንን። አለቃችን ወደ እኔ ዞረ።

አልነበረም። ያን ጊዜ የምንሠራው በካኖን 70ዲ ነው፣ እሱ ደግሞ ክሮፕ ነው። ጎበዝ ካሜራ ነው፤ ብዙ ሠርግ ሠርተንበታል፣ አልበሙን አይቶ ቅር ያለው ሰው አላስታውስም። ግን የልጁ ጥያቄ ያለ ቦታው አልመጣም። ሠርጉ ተክሊል ነው፣ ሥርዓቱ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፣ የደብሩ አባቶች ደግሞ ፎቶ ፈቅደው ፍላሽ ከልክለዋል። አለቃችንም አንድ ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ስለነበር መሞከሪያ ትሁነን ብለን አዲስ አበባ ካለ የሙያ ወዳጃችን ካኖን 6ዲ ተከራየን። ከሠርጉ ቀጥሎ ለአንድ አስጎብኚ ጓሳ ሄደን ፎቶ የምናነሳበት ሥራም ነበረን። ሁለቱንም ካሜራ በሁለቱም ሥራ ላይ ለማየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ባጭሩ ልናገር። ሴንሰር ማለት ሌንሱ የሚያመጣውን ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው በድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነው። ክሮፕ የሚባለው ከዚያ ያነሰ ሴንሰር ያለው ነው፤ የ70ዲው 22.5 በ15 ነው። አባዝታችሁ ብታወዳድሩት ትልቁ የትንሹን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። ሁለቱም ካሜራዎች ግን 20 ሜጋ ፒክስል ናቸው፣ ማለትም ፎቷቸው 20 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። ሜጋ ፒክስል ብቻ እያየ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ካርቶኑ ላይ አያገኘውም።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው በሠርጉ ዋዜማ ማታ፣ ዕቃ ስናዘጋጅ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሁሌ የምንይዘውን 18-135 ሌንስ (ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ነው፤ ሲተልቅ እይታው ይጠባል፣ ሩቁም ይቀርባል) 6ዲው ላይ ሊገጥም ሞከረ፤ እምቢ አለ። ሌንሱ ኢኤፍ-ኤስ ነው፣ ለክሮፕ ብቻ የተሠራ፣ የካኖን ፉል ፍሬም አይቀበለውም። ኒኮን ላይ ቢሆን ይገጥም ነበር፣ ግን ካሜራው የሴንሰሩን መሃል ብቻ ስለሚጠቀም ባለ 24 ሜጋ ፒክስሉ የኒኮን ፉል ፍሬም ዲ750 ወደ 10 ይወርዳል። ለማንኛውም እኛ እጅ ላይ 6ዲው የሚቀበለው ሁለት ሌንስ ብቻ ቀረ፦ 50 ሚሊ ሜትሩ እና 75-300ው። ልጁ ደነገጠ። «ወንድሜ፣ በሁለት ሌንስ ሠርግ ይሠራል እንዴ?» አለኝ። 70ዲውንም ከነሌንሱ እንይዛለን፣ አይዞህ አልኩት።

የጥር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አልነግረውም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ሌንሱ ላይ ጉም እንዳይዝ ካሜራውን ከቦርሳ ሳናወጣ ትንሽ ጠበቅን (ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ይህን አትርሱ)። ከዚያ 50 ሚሊ ሜትሩን እያቀያየርን በሁለቱም አነሳን።

ልዩነቱ የታየን ወዲያው ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሰው ሞልቷል፣ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም። 50ው 70ዲው ላይ ሲሆን እይታው 80 ሚሊ ሜትር ፉል ፍሬም ላይ የሚሰጠውን ያህል ይጠባል፤ ሙሽራውን ካስገባሁ ሙሽራዋ ትቆረጣለች። 6ዲው ላይ ሁለቱም ከነካባቸውና ከነአክሊላቸው ገቡ። 18-135ው ሰፋ ያለ እይታ አለው፣ ግን ብርሃን አይጠግብም። አይ ኤስ ኦ (ጨለማ ውስጥ ፎቶውን ለማብራት ከፍ የምናደርገው ቁጥር) 6400 ላይ የ70ዲው ፎቶ ጥላ ጥላው ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የ6ዲው 6400 የ70ዲውን 2500 ያህል ንጹሕ ነው። ፎከስም ላይ እንደዚያው። 70ዲው 19 የፎከስ ነጥብ አለው፣ 6ዲው 11 ብቻ፤ ግን የ6ዲው የመሃል ነጥብ ጨለማ ውስጥ ይይዛል፣ 70ዲው ጧፍ ብርሃን ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ነበር።

ልጁ እዚያው ልቡ ሄደ። «በቃ 70ዲውን እንሽጠው» ይለኛል በሹክሹክታ፣ በቅዳሴ መሃል!

አንድ ነገር ግን ሻጭ አይነግራችሁም። 6ዲው ላይ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 1.8 በሰፊው ከፍቼ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ስጠጋ የሙሽራው ዓይን ጥርት ይላል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ የቆመችው ሙሽራ ግን ትደበዝዛለች። ሁለቱም ጥርት እንዲሉ ወደ 2.8 ስዘጋው አይ ኤስ ኦውን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ፣ ያኔ ከ70ዲው የነበረው ብልጫ አብዛኛው ጠፋ። የፉል ፍሬም የጨለማ ጉልበት ሙሉ የሚሆነው የጀርባው መደብዘዝ ለማይጎዳችሁ ፎቶ ነው። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው፣ ተደርድረው ለቆሙ ሚዜዎች ግን ያን ያህል አይደለም።

ቪዲዮውን ደግሞ ጭራሽ በ6ዲው አልሞከርነውም ማለት ይቻላል። 70ዲው ቪዲዮ እየቀረጸ ሰውን በፎከስ ይከተላል፣ ስክሪኑም ተገልብጦ ይታያል። 6ዲው ሁለቱም የለውም። ሙሽሮች ወደ አዳራሽ እየጨፈሩ ሲገቡ፣ ሰው ላይ ሰው ሲደራረብ፣ ካሜራውን ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ ስክሪኑን ወደ ታች አዙሮ መቅረጽ የቻለው 70ዲውን የያዘው ልጅ ነበር።

ከዚያ ጓሳ። ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ በሚታጠፈው መንገድ ሄድን። የመንዝ ሰው ይህን ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን የሣር ምድር፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ነው፤ ሳስበው ሁሌ ኩራት ይሰማኛል። ጭላዳዎቹ ሰው አይፈሩም፣ ሣራቸውን እየነጩ አጠገባችን ደረሱ። ለእነሱ የትኛውም ካሜራ በቂ ነበር። ወንዱ ጎፈሩን ነፋስ ሲበትነው 6ዲው ያነሳው አሁንም ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ።

አስጎብኚው የፈለገው ግን ቀይ ቀበሮ ነው። እሷ አትጠጋም። ጠዋት ላይ ከጓሳው ሣር ውስጥ ብቅ ብላ አይጥ ስታደባ አየናት፣ ሩቅ። 6ዲው ላይ 300 ሚሊ ሜትሩ 300 ነው፣ ቀበሮዋም ነጥብ ነገር ሆነች። 70ዲው ላይ ያው ሌንስ የ480ን እይታ ሰጠን፣ በዚያ ላይ በሴኮንድ 7 ፎቶ ያነሳል፣ 6ዲው 4 ተኩል። «የ6ዲውን በኋላ መቁረጥ ይቻላል እኮ» አለ ልጁ። ይቻላል። ግን የ70ዲውን ያህል እስኪጠብ ሲቆረጥ ከ20 ሜጋ ፒክስሉ 8 ገደማ ነው የሚተርፈው፣ ይህ ደግሞ በጥሩ ጥራት ኤ4 ለማተም እንኳ ጠርዝ ላይ ነው። አስጎብኚው ትልቅ ፖስተር ነበር ያዘዘው። የተረከበው የ70ዲውን ፎቶ ነው።

ስንመለስ አለቃችን ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ከፍቶ አየ። ከዚያ ካሜራውን ትቶ የትዕዛዝ ደብተሩን አወጣ። ገቢያችን ከየት ነው የሚመጣው? አብዛኛው ከሠርግና ከክርስትና፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያንና ከአዳራሽ ነው። ስለዚህ ያገለገለ 6ዲ ገዛ፣ ከሱ ጋር ግን 24-105 ሌንስ፤ ያለ ሌንሱ ቦዲውን ብቻ ቢገዛ ከዋዜማው ማታ ጣጣ አንወጣም ነበር። 70ዲው አልተሸጠም። ቪዲዮው የሱ ነው፣ ጓሳም ስንሄድ የሚወጣው እሱ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ለራሱ ካሜራ ያጠራቅም ነበርና ጠየቀኝ። «አንተ ብትሆን ምን ትገዛ ነበር?» አለ። አንተ የምትወደው ምንድን ነው አልኩት። ወፍ፣ ቀበሮ፣ ቪዲዮ። እንግዲያው ክሮፕ ግዛ፣ የተረፈህን ሌንስ ላይ አውለው፣ ሌንሱም ኢኤፍ-ኤስ ሳይሆን ኢኤፍ ይሁን፤ ነገ ሐሳብህን ብትለውጥ ፉል ፍሬሙ ላይም ይገጥምልሃል አልኩት። ትንሽ ቅር አለው፣ ፉል ፍሬም የሚለው ስም ልቡ ውስጥ ገብቷል። በመጨረሻ ያገለገለ 70ዲ ገዛ፤ አሁን ለ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ እያጠራቀመ ነው።