እንኳን ለመውሊድ አደረሳችሁ፣ አክስቴን ያወቃችሁም ያላወቃችሁም

መልካም በዓል ወዳጆቼ! ጅማ ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። ሄርማታ ሰፈር ግን ከጠዋት ጀምሮ ደምቃለች። ባጃጆቹ ሳይቀሩ መንዙማ ከፍተው ነው የሚከንፉት። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤ አላህ ይስጠው።

የእኛ ቤት ግን ዘንድሮ የመንዙማ ተቀባይ ጎድሎበታል። ያሳደገችኝ አክስቴ ወደ አኼራ ሄዳለች።

ወሎ ተወልዳ ጅማ ያረጀች ሴት ነበረች። መንዙማዋም እንደ ኑሮዋ ነው። በአማርኛ ትጀምራለች፣ በኦሮምኛ ትቀጥላለች፣ ለነቢዩ በሚወርድ የዐረብኛ ሰለዋት ታሳርጋለች። ፊደል አልቆጠረችም። መንዙማ በጋራ በሚባልበት ሐድራ ላይ ግን አውጪው ስንኝ ሲጠፋበት ከሴቶቹ በኩል የሚያቀብለው የእሷ ድምፅ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ዛለ፣ አንደበቷ ተያዘ። "ውሃ" ማለት እንኳን አቃታት።

አንድ ሐሙስ ማታ የሐድራዋ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። አልጋዋን ከበው ቡርዳ የተባለውን የነቢዩን ውዳሴ ጀመሩ። "መውላየ ሰሊ ወሰሊም" ሲሉ አክስቴ ተቀበለች። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ! እኛ አለቀስን፣ እሷ ቀጠለች። ሲያበቁ ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላት መልሱ አልወጣላትም። ሐኪሟ ብዙም አልገረመው። የግራው አንጎል ሲጎዳ መናገር ያቃተው ሰው ዜማ ሊወጣለት እንደሚችል አስረዳን። ሴቶቹ ደግሞ "በረካው ነው" አሉ። እኔ ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

የቡርዳ ታሪክ ራሱ ከዚህ በሽታ ነው የሚነሳው። ኢማም አል-ቡሲሪ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የኖረ ገጣሚ ነው። እንደሚተረከው ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነበት። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዳሴ ገጠመ፤ እየደጋገመ አለቀሰ፤ ተኛ። በሕልሙ ነቢዩ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ካባቸውንም አለበሱት። ሲነቃ ድኖ ነበር።

አክስቴ ግን አልተነሳችም። ይህን ዘልዬ መልካም በዓል ማለት አልሆነልኝም።

ሱፊው ገጣሚ ሩሚ እ.ኤ.አ. በ1273 ኮንያ ላይ ያረፈበትን ሌሊት ተከታዮቹ "የሰርግ ሌሊት" ይሉታል። ነፍስ ከወዳጇ የምትገናኝበት ነው ብለው። ድሮ ይህን በጣም እወደው ነበር፣ ፌስቡክ ላይም ለጥፌዋለሁ። የቀብሯ ዕለት ግን የታየኝ ጭቃና አካፋ ነው። ሩሚ ራሱስ ቢሆን ወዳጁ ሸምስ ሲጠፋበት መቼ ሰርግ ነው አለ? ስንት ግጥም አለቀሰለት!

የሐድራ እናቶቻችን፣ ሐሙስን ሳትዘሉ ስለመጣችሁ አላህ ይክፈላችሁ። እጇን እያሸ ጣቶቿን ያንቀሳቀሰላት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወንድሜ፣ ውለታህ አለብኝ። ጎረቤታችን እማማ፣ እርስዎ አጠገቧ ቁጭ ብለው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አክስቴ በዜማ ታጉረመርም ነበር። ምን እንደምትል አላውቅም፤ እርስዎ ግን "ይቺ ሴት እየጸለየች ነው" ይሉኝ ነበር። ለእንቁጣጣሽ እኔ እመጣለሁ፣ ዶሮውን አይቸኩሉበት።

አልጋዋ አጠገብ ቆመህ "ይሄ ቢድዓ ነው (ሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር ማለቱ ነው)፣ አስቁሟቸው" ያልከው ዘመዴ ሆይ፣ አንተንም አልረሳሁም። ክርክሩን አውቀዋለሁ፣ ዛሬ አልገባበትም። ቁርኣን ቀርተህላታል፤ አላህ ይቀበልህ። ግን ከአፏ የሚወጣው ያ ዜማ ብቻ በቀረበት ሰዓት ዝም በሉ ማለትህ እስካሁን ይቆረቁረኛል። መውሊድን ባታከብርም ቤታችን ና። ቡና አለ፣ ደግሞም ናፍቀኸናል።

ሐድራው ዛሬ ማታ እኛ ቤት ነው። ድቤው ተጠግኗል፣ አውጪም አለን። ያነሰን ተቀባይ ነው። "ድምፅ የለኝም" የሚል ሰበብ አይሠራም፣ ኑ።