ኮልት ሽጉጥ ፈትቶ መግጠም፦ ሦስተኛ ሳምንቴ

ባለፈው ያቆምኩት የሞላው ክዳን ተስፈንጥሮ ሶፋ ሥር የገባ ዕለት ላይ ነው። ተገኝቷል። በአፈሙዙ በኩል የሞላውን ጫፍ አፍኖ የሚይዘው ያ ትንሽ ቆብ ነው። አሠልጣኙ «አውራ ጣትህን ከላዩ እንዳታነሣ» ብሎኝ ነበር፤ አነሣሁ።

አዲስ ለሆናችሁ፦ እዚህ ቨርጂንያ የጀማሪዎች ሥልጠና እየወሰድኩ ነው። የምንማርበት ሽጉጥ የ1911 ሞዴሉ ኮልት ነው፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 ዋና ሽጉጡ አድርጎ የያዘው። ካዝናው ሰባት ጥይት ይይዛል። እኔ ቤት የምፈታው ግን የማይተኩስ፣ ለመማሪያ የተሠራ ቅጂ ነው።

በዚህ ሳምንት ያስደሰተኝ በርሜሉ ነው። እስካሁን የመሰለኝ ባሩዱ ሲነድ ስላይዱን (በርሜሉን ከላይ ሸፍኖ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተውን ብረት) ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ አለቀ። ታዲያ በርሜሉ ለምን ይነቃነቃል? የላላ ዕቃ መስሎኝ ነበር!

በርሜሉን አውጥቼ ሳየው ጀርባው ላይ ጥርሶች አሉት፤ ስላይዱ ውስጥ ደግሞ ጥርሶቹን የሚቀበሉ ቦዮች አሉ። ሲተኮስ ሁለቱ እንደተቆላለፉ ጥቂት ሚሊሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከበርሜሉ ሥር ሁለት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት አለች፤ እኔ «ማያያዣዋ» እላታለሁ። አንዱ ቀዳዳዋ ከበርሜሉ ጋር፣ ሌላው ከታችኛው አካል ጋር ተሰክቷል። በርሜሉ ወደ ኋላ ሲሄድ እሷ ዘንበል ትልና የኋላ ጫፉን ወደ ታች ትስበዋለች። ጥርሶቹ ከቦዮቹ ይወጣሉ፤ በርሜሉ ይቆማል፤ ስላይዱ ብቻውን ይቀጥላል። ፕሬዠር ድስት እንፋሎቱ ሳይወጣ እንደማይከፈት ነው፤ እዚህም ጥይቷ ከአፈሙዙ ወጥታ ግፊቱ እስኪቀንስ ድረስ በሩ ተቆልፎ ይቆያል። ስንት ጊዜ በእጄ ወደ ኋላ ወደ ፊት እንዳመላለስኩት አልነግራችሁም።

የቀረው ቀላል ነው። ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀለሁን ጎትቶ ይጥላል፣ መዶሻውን ያስነሣል፤ ሞላው ሲመልሰው ከካዝናው አንድ ጥይት ገፍቶ ያስገባል።

ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። አጎቴ ስለ መሣሪያ ሲያወራ ምላጭ፣ ቃታ፣ አፈሙዝ ሲል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስላይድ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም፤ የተሻለ አማርኛ ያላችሁ አቀብሉኝ።

መጠበቂያው ሁለት ነው። አንዱ በአውራ ጣት የሚነሣና የሚወርድ ነው። ሁለተኛው እጀታው ጀርባ ላይ ያለው ሲሆን በመዳፍ ካልተጨበጠ ምላጩ አይሠራም። አገር ቤት ስሙን የምንሰማው ስታር፣ ሞዴል ቢ የሚባለው፣ ከሩቅ የኮልት መንታ ይመስላል፤ ይኼ የመዳፍ መጠበቂያ ግን የለውም።

ክፍል ውስጥ የሠራሁትን ስሕተትም ልንገራችሁ። ባሩድ በሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ሽጉጡን ባዶ አድርግ ተባልኩ። መጀመሪያ ስላይዱን ሳብኩ፣ አንዷ ዘላ ወጣች፤ ከዚያ ካዝናውን አውጥቼ «ባዶ ነው» አልኩ። አሠልጣኙ ዝም ብሎ ስላይዱን ሳበው፤ ሌላ ጥይት ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ለካስ ስላይዱን ስለቀው ከካዝናው አዲስ አስገብቼባት ኖሯል። ካዝናው ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ ስላይዱ ይሳባል፣ ከዚያ በርሜሉ ላይ ጥይት የሚገባበት ቦታ በዓይንም በጣትም ይታያል። ያን ዕለት ማታ ቅጂው ላይ ሃያ ጊዜ ደገምኩት።

መግጠም ላይ ግን አሁንም እቸገራለሁ። የስላይዱን ማቆሚያ ፒን በማያያዣዋ ቀዳዳ አሳልፌ ወደ ቦታው ስገፋው የፒኑ ክንድ የሽጉጡን ጎን ይጭረዋል። የኮልት ሰዎች «የጅል ጭረት» ይሏታል። የእኔ ቅጂ ላይ እስካሁን ሁለት አሉ። አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ አይቷቸው የራሱን ሽጉጥ ወደ ሣጥኑ መለሰ።