«ወደ ቤቴ ውሰደኝ»

ደሴ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ከመግሪብ በኋላ እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ጫማዋን ተጫምታ ከሳሎኑ በር ሥር ቆመችና «በል ልጄ፣ መሽቷል፤ ወደ ቤቴ ውሰደኝ» አለችኝ። የቆመችበት ቤት አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያሠራው፣ እሷም ሦስታችንን ያሳደገችበትና ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበት ቤት ነው። በዚህ ቤት፣ በራሷ አልጋ፣ ከራሷ መስኮት የጦሳን ተራራ እያየች እንድትጦር የወሰንሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ይህን ልመናዋን በሰማሁ ቁጥር ውሳኔዬ እንደገና ፊቴ ይቆማል። አሁን እሷ ከተኛች በኋላ ቁጭ ብዬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም ቤታችንን ጥለን ወጥተን ነበር። በዚያ ጊዜ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ስትጠይቀን ድንጋጤ ነው ብለን አለፍነው። ከተመለስን በኋላ ደግሞ የቡናውን ብረት ምጣድ ከከሰሉ ላይ ረስታ ቤቱ በጭስ ሲታፈን፣ ዙህርን ሰግዳ እንደጨረሰች «ሰግጃለሁ ወይ?» ብላ እንደገና ስትነሣ፣ ጎረቤቱም እኛም «ጃጅታለች» በምትል አንዲት ቃል ነገሩን ዘጋነው። ያቺን ቃል ዛሬ አልወዳትም፤ ሕመሙን የዕድሜ ወግ አስመስላ ሁለት ዓመት ያህል ከሐኪም አስቀርታናለች። በመጨረሻ ያየን ሐኪም አስቀድሞ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዘዘላት፤ የእነዚህ መዛባት የመርሳት ሕመም የሚመስል ምልክት እንደሚያመጣና በሕክምና ሊስተካከል እንደሚችል ነግሮን ስለነበር፣ ውጤቱን ስንጠብቅ ጉድለት እንዲገኝባት ዱአ ማድረጌን አስታውሳለሁ። ሁለቱም ደህና ሆኑ። የሐኪሙ ድምዳሜ አልዛይመር የሚል ነበር፤ ከዲሜንሺያ፣ ማለትም ከመርሳት ሕመም፣ ሕሙማን ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት የሚታመሙ እንደሆኑና የሚያድን መድኃኒትም እንደሌለው በእርጋታ አስረዳን።

ከዚያ በኋላ የት ትኑር የሚለው ጥያቄ መጣ። ጅዳ የሚኖረው ወንድሜ ገንዘብ ልክፈልና የአረጋውያን ማእከል ትግባ ሲል፣ እኔ የማውቀው መቄዶንያን ብቻ ነበር፤ እርሱም ጧሪና ጠያቂ ለሌላቸው የቆመ ነው፤ እናቴ ግን ሦስት ልጆች አሏት። እኅቴ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ወደምንኖርባት ወደ ኮምቦልቻ አወረድኋት። በሐረጎ ተራራ በኩል ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ አየሩም ይሞቃል፣ የልጅ ልጆቿም አሉ፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ ነበር።

ሦስት ሳምንት ብቻ ቆየች። ደሴ ሳለች ሌሊት በጨለማ ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄድ የነበረችው ሴት፣ እኛ ቤት በሮቹ ጠፉባት፤ በስተመጨረሻም አንድ ንጋት ላይ በባዶ እግሯ ወጥታ በአስፋልቱ ዳር ስትሄድ የባጃጅ ሹፌር አገኛት። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ሕመሙ አስቀድሞ የሚነጥቀው አዲሱን ትምህርት ነው፤ አዲስ ቤት ማለት ደግሞ ከመብራቱ ማብሪያ እስከ ብርጭቆው መደርደሪያ ድረስ ሁሉም አዲስ ትምህርት ነው። የደሴውን ቤት ግን እጅና እግሯ ያውቁታል። ስመልሳት ደረጃውን ሳታይ ወጣች፤ ውሳኔውም ያኔ አለቀ።

ነገር ግን «በቤቷ ትጦር» ማለት ሰው ከሌለ ባዶ ቃል ነው። እኔ ወንድ ልጇ ነኝ፤ ገላዋን ማጠብ አልችልም፣ እሷም አትፈቅድም። የቤት ሠራተኛ ፈልገን ሁለቱ በወር ሳይሞላቸው ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ሦስተኛዋ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የአካባቢያችን ልጅ ናት። እዚያ ከሠራችባቸው ዓመታት አብዛኛውን ይህ ሕመም ያለባቸውን አንዲት አሮጊት ስታነሣና ስታስተኛ ኖራለች፤ ስንትና ስንት የወሎ ልጅ በሰው አገር የተማረችው ሙያ ለራሳችን እናቶች እንደሚሆን አስቤው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን እናቴ «እናቴ የት ሄደች?» ስትል እኔ «ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው» ብዬ መለስሁ፤ እናቴም እንደ አዲስ መርዶ አለቀሰች። ልጅቷ ወደ ጓሮ ጠርታኝ «ጋሼ፣ አያርሟቸው፤ በየቀኑ ያረዷቸዋል እኮ» አለችኝ። ሐኪሙ ካስረዳኝ ሁሉ ይልቅ ይህ ጠቅሞኛል።

የገላ መታጠቡ ነገርም በእሷ ዘዴ ተፈታ። እናቴ ልብሷን እንድታወልቅ ሲነገራት ትቆጣ፣ አንዳንዴም ትማታ ነበር። ልጅቷ ለብ ያለ ውሃ በኩስኩስት ይዛ «እማማ፣ ዉዱእ ያድርጉ» ስትላት ግን እጇን ትዘረጋለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ እግሯን ትሰጣለች፤ ከዚያ ቀስ እያሉ የቀረውን ይታጠባሉ። የዛሬ ጠዋት ቁርሷን የማታስታውስ ሴት የዉዱኡን ቅደም ተከተል አንድም አታዛባም። ሰላቷን እየደጋገመች መጨነቋን ለሰፈራችን ሸህ ባወያየኋቸው ጊዜ፣ አእምሮው ከከዳው ሰው ላይ ግዴታው የተነሣ ነው ብለው አጽናኑኝ፤ ከመስገድ ግን አንከለክላትም፤ በሰላት ላይ ሳለች ፊቷ የቀድሞው ፊቷ ነው።

ባለፈው ሐምሌ በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽማ ተለወጠች፤ ግድግዳው ላይ ሰው ታያለች፣ አትበላም፣ ልጅቷንም እኔንም አታውቅም። ዘመድ ሁሉ ሕመሙ ጸናባት ብሎ ሲያዝን፣ ልጅቷ ግን ሽንቷን ስትሸና እንደምታቃትት አስተዋለች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱን በጀመረች በሳምንቱ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ይህ ሕመም ቀስ እያለ የሚወርድ ስለሆነ፣ በድንገት የሚመጣ ለውጥ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ያኔ ተማርሁ። ቀን ከሌሊት አጠገቧ የሚውል ዓይን ባይኖር ማን ያየው ነበር?

ያ ዓይን ደግሞ ማረፍ አለበት። ወንድሜ ደመወዙን ይልካል፣ እኅቴ የመድኃኒቱን ትሸፍናለች፤ እኔ በሳምንት አራት ሌሊት እዚህ አድራለሁ፣ ቅዳሜ ባለቤቴ ትመጣና ልጅቷ ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች። ይህን ለማስማማት በስልክ የተባባልነው ክፉ ቃል አሁንም ያሳፍረኛል። ልጆቼም አባታቸውን የሚያዩት በሳምንት ሦስት ሌሊት ነው፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር ልጽፈው አልችልም።

ዛሬ «ወደ ቤቴ ውሰደኝ» ስትለኝ እንደ ሌላው ጊዜ ክንዷን ይዤ ከግቢው ወጣን፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄደን በዚያው በር ተመለስን። አንዳንዴ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን» ትላለች፤ ዛሬ አላለችም። የምትለው ቤት ምናልባት ሐይቅ ከተማ ያለው የልጅነቷ ቤት ይሆናል፤ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለኝም። ልጅቷ ያልተለቀመ ቡና በሰፌድ አቀረበችላት። እናቴ ቁጭ ብላ መልቀም ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታም ቀና ብላ እንደ እንግዳ አየችኝና «አንተስ፣ ቤትህ የት ነው?» አለችኝ።

«ኮምቦልቻ» አልኋት።

«ኧረ መሽቷል፤ ሐረጎ ላይ ጉም ይኖራል። ዛሬ እዚሁ እደር፤ አልጋ አላጣንም» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።