ልጆቹን ከክፍል እስከ መድረክ ተከተልኳቸው

ሙዚቃ የሚማር ሰው በመመረቂያው ዓመት ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ መጫወት ነው። ሌላው ጥናት ጽፎ ፈታኞች ፊት መቆም ነው። አብዛኞቻችን ቀኑን ሙሉ መሣሪያችንን ስንለማመድ እንውልና ጥናቱን ለመጨረሻው ሰዓት እናቆየዋለን። የእኔ ዋና መሣሪያ ክራር ነው። ጥናቱ ከክራሬ እንዳይነጥለኝ ስለፈለግኩ ለሁለቱም የሚሆን ጥያቄ ያዝኩ። አዲስ አበባ ባሉ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ክፍል ውስጥ የሚማሩት ሙዚቃና መድረክ ላይ የሚያቀርቡት ሙዚቃ ይገናኛል ወይ?

ጥያቄዋ ትንሽ ናት። ጥቅሟም እዚያው ላይ ነው። «የሙዚቃ ትምህርት በኢትዮጵያ» ብላችሁ ብትነሱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከሚሰጥበት ከዜማ ቤት እስከ ኢትዮ ጃዝ ስትዞሩ ዓመቱ ያልቃል። «ይገናኛል ወይ?» ካላችሁ ግን ምን ማየት እንዳለባችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ክፍል ትገባላችሁ፣ የክበብ ልምምድ ታያላችሁ፣ የወላጆች ቀንን ትጠብቃላችሁ። በቃ።

ንባቡን አላበዛሁትም። አንድ የታሪክ ነጥብ ግን ጠቅሞኛል። ዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በአብዛኛው በማርሽ ባንድ በኩል ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። የማርሽ ባንድ ዋና ሥራው ሥነ ሥርዓት ማድመቅ ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ ሰልፍ ያጅባል። በኋላ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋምና አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሲሆኑ ነገሩ ሰፋ፤ ክራርና ማሲንቆም ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን የክፍል ትምህርት ሆኑ። ወደ አንደኛ ደረጃ ወረድ ስትሉ ግን ሙዚቃ ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚታወሰው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ስለ ወረቀት ጉዳይ አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ የሚቀጥለው ሰው እንዳይጉላላ። የትብብር ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሄዳል። ደብዳቤው ላይ «ድምፅ መቅዳትን ጨምሮ» የሚል ሐረግ ይግባበት። አለበለዚያ መቅጃ ባወጣችሁ ቁጥር ሌላ ማብራሪያ ትጠየቃላችሁ። ለወላጆች የግማሽ ገጽ የፈቃድ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጀሁ። የምቀዳው ድምፅ ብቻ እንደሆነ፣ የት እንደማስቀምጠውና መቼ እንደማጠፋው ይናገራል። ምስል አለመቅረፄ ብዙ ወላጅ አረጋጋ። አንዲት እናት ግን ቅጹን ይዘው መጡና «ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» አሉኝ። እየሳቁ ነው የጠየቁት፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ይህን ጥያቄ የትም መጠይቅ ላይ አታገኙትም። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ በኋላ ጥናቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ንዑስ ርዕስ ሆነ።

መጠይቅ ካነሳን አይቀር፣ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ብዙም እምነት የለኝም። መምህራኑ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርገው መለሱልኝ። አይፈረድባቸውም። ማኅተም ያለው ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ተቆጣጣሪ ይመስላል። እውነተኛው ወሬ የሚመጣው ከክፍል በኋላ፣ መምህራን ክበብ ውስጥ፣ ሻይ ሲቀርብ ነው።

ለእኔ የሠራልኝ መሣሪያ አንድ ገጽ የምልከታ ቅጽ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ቅጹም 40 መስመር አለው። በየደቂቃው መጨረሻ ክፍሉ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ከአራቱ በአንዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፦ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ተማሪው ሙዚቃ ያዳምጣል፣ ተማሪው ራሱ ድምፅ ያወጣል። ማጨብጨብም፣ መዝፈንም፣ መጫወትም አራተኛው ውስጥ ይገባል። ውስብስብ ነገር የለውም። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ለመሙላትም ይመቻል።

ቅጾቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የመናገርና የመጻፍ ዓምዶች ጢም ብለው ሞልተዋል። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ልጆቹ «ምት ማለት...»፣ «ቅኝት ማለት...» እያሉ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። አራቱን ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸውን የድምፅ ስብስቦች)፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለው በቃላቸው ይጠሯቸዋል። አንዱንም ክፍል ውስጥ ሰምተው አያውቁም። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ክራር ተሥሎ አገኘሁ። ቀንበሩ፣ ምሰሶዎቹ፣ ገበቴው፣ ሁሉም ስሙ ተጽፎበታል። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ለካ መምህርቷ የተመረቁት በሥዕል ነው። አሁን የክወናና የዕይታ ጥበባት በሚባለው ትምህርት ውስጥ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል አንድ ላይ ናቸው፤ የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሠለጠነው በአንዱ ነው። ሠዓሊ ክራርን ቢሥል ምን ይደንቃል?

መድረኩስ? በወላጆች ቀን ሙዚቃው ከፍላሽ ይወጣል፤ ልጆቹ በድምፅ ማጉያው ፊት ይወዛወዛሉ። ዘፋኟ ልጅ የያዘችው ማይክ አልተሰካም። ለመድረክ የሚመረጡት የባህል ልብስ ያላቸውና ውዝዋዜ የሚችሉት ናቸው። ይህንንም የተማሩት ሰፈር ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥን ነው። ከመድረክ የወረደ አንድ ልጅ ክፍል ከተማረው የትኛውን እንዳቀረበ ጠየቅኩት። ግራ ገባው። «ያ እኮ ትምህርት ነው፤ ይሄ ሙዚቃ ነው» አለኝ። የጥናቴ ግኝት ያቺ ናት። የሚማሩትን አይጫወቱትም፤ የሚጫወቱትን አልተማሩትም።

ለማነጻጸር ዜማ ቤት ሄጄ ነበር። የኔታ ፊት ድምፅ ሳይወጣ የሚያልፍ ሰዓት የለም። ተማሪው ይሰማል፣ ይደግማል፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። የዜማ ምልክት አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ስማቸው ከምልክቱ ጋር አብሮ የሚነሳው። ምልክቱ ግን ጆሮ የያዘውን ለማስታወስ ነው የሚያገለግለው። በእኛ ትምህርት ቤቶች ምልክቱ ቀድሞ ይመጣና ጆሮው ሳይደርስ ዓመቱ ያልቃል። አንደኛ ደረጃው ዜማ ቤት ይሁን እያልኩ አይደለም። ዜማ ቤት ዓመታት ይፈጃል፤ የአንደኛ ደረጃው ልጅ ደግሞ ከሙዚቃው በኋላ ሒሳብ አለበት።

ከዚህ በኋላ አማካሪዬ «ችግሩን ካየኸው አንድ ነገር ሞክር» አሉኝና ከሠዓሊዋ መምህርት ጋር አንድ ምዕራፍ በሌላ መንገድ ለማስተማር ተስማማን። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፤ ክራር አንድ ነው፣ እሱም የእኔ። ስለዚህ መሣሪያው የልጆቹ ድምፅና እጅ መሆን ነበረበት። እኔ የቡሄ ጨዋታ አሰብኩ። መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክፍሌ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ። ሃይማኖት የሚነካ ነገር አናምጣ።» ልክ ነበሩ። የሠርግ ዘፈን መረጥን። ሠርግ ያላየ ልጅ የለም። አውጪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ጭብጨባው ራሱ ምት ያስተምራል። ስለ አማራ ሠርግ ዘፈኖች ትምክህት ተፈራ የሠሩት ጥናት ስላለም ከየትኛው የሠርጉ ሥርዓት ጋር የቱ ዘፈን እንደሚሄድ ለማስረዳት አልተቸገርኩም።

ጩኸቱ ግን ቀላል አልነበረም። የጎረቤት ክፍል መምህር መጡ። ዛፍ ሥር ወጣን።

ከክራሩ ጋር የተያያዘ አንድ ተግባራዊ ነገር ደግሞ አለ። ክራር ቋሚ የድምፅ ከፍታ የለውም፤ ለዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል። እኔ ለራሴ ጉሮሮ በቃኘሁት ስጀምር ልጆቹ ግማሾቹ ከታች አጉረመረሙ፣ ግማሾቹ ከላይ ጮኹ። ከፍ አድርጌ ስቃኘው ሁሉም ገጠመ። ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ክራር አብሮ ስለሚጫወት ከፒያኖ አንድ ድምፅ ተቀብለን ሁላችንም በእሱ እንቃኛለን፤ ለጋራ ልምምድ ግድ ነው። ትምህርት ቤት ስትሄዱ ግን ያንን ልማድ በር ላይ ተዉት፤ ልጆቹ የሚዘፍኑበትን ከፍታ ፈልጋችሁ መሣሪያውን ወደዚያ ውሰዱት።

በጣም የወደድኩት ክፍለ ጊዜ ስለ ቅኝት ያደረግነው ነው። ማይነር ትዝታን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። እነዚያኑ ድምፆች ሳትነኩ ከሶል ተነሥታችሁ ብትቆጥሩ በድምፆቹ መካከል ያሉት ርቀቶች የአምባሰል ይሆናሉ። ወረቀት ላይ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ እኛም ኮሌጅ ውስጥ ስንከራከርበት ነው የምንከርመው። ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ለልጆቹ ምንም አላስረዳሁም። «ዜማው ቤቱ ገባ ስትሉ ቁጭ በሉ» ብቻ አልኳቸው። በትዝታው ስጫወት ዶ ላይ ተቀመጡ። ክሮቹን ሳልነካ ወደ አምባሰሉ ዞርኩ። ትንሽ ተያዩ፤ ከዚያ አብዛኞቹ ሶል ላይ ቁጭ አሉ። ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን አይተው ነው እንዳይባል በሌላ ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ሞከርነው። እንደገና አገኙት። እነዚህ ልጆች ለሙዚቃ ባዶ አይደሉም። ጆሯቸው ከሠርግ ቤት፣ ከሬዲዮ፣ ከታክሲ ተምሮ ነው የመጣው። ደብተራቸው ነው የማያውቀው።

ቅጂ ላይ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ስልክ ይበቃል፤ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን የታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጉት። ፋይሉን በዚያው ቀን በቀንና በክፍል ሰይሙት፤ ፍላሽ ላይም ኢሜይል ላይም አስቀምጡት። በኖታ ስትጽፉ ደግሞ የስልክ መቃኛ መተግበሪያን እንደ ዳኛ አትቁጠሩት። አንቺሆዬን በደንብ የሚቃኝ ሰው ፊት መርፌው ሲወዛወዝ ካያችሁ የተሳሳተው ሰውየው ላይሆን ይችላል። የፒያኖ እኩል ግማሽ ድምፆች የሁሉም ሙዚቃ ልክ አይደሉም።

ለመድረክ ፈተናዬ ከልጆቹ የሠርግ ዘፈን የተነሣ አንድ የክራር ሥራ አዘጋጀሁ። አውጪውን በድርደራ (ክሮቹን አብሮ በመምታት)፣ ተቀባዩን በነጠላ ክር ከፈልኩት። ጥናቱን ስከላከል አንድ ፈታኝ «ሁለት ትምህርት ቤት አይተህ ስለ ከተማው መናገር ትችላለህ?» አሉኝ። አልችልም አልኩ። መናገር የምችለው ክፍልና መድረክ እንዴት እንደሚተላለፉና ምን ሲደረግ እንደሚገናኙ ነው። ብዙም ደስ አላላቸውም። ምልከታውን በደቂቃ ስላስያዝኩት ግን ሠንጠረዡን ደጋግመው አገላበጡት፤ ከመጠይቁ ውጤት ላይ አንድም ጥያቄ አልመጣም።

መምህርቷ ከዚያ በኋላ ደውለው የቅጹን ባዶ ኮፒ ጠየቁኝ። «ሙዚቃ» የሚለውን ሰርዘው በሥዕል ክፍለ ጊዜያቸው ልጆቹ ስንት ደቂቃ እርሳስ እንደሚይዙ ሊቆጥሩበት ነው።