ካዛንቺስ ከተነሣ ወዲህ፦ የምሳና የአዝማሪ ፍለጋችን የደረሰበት

ባለፈው ዙር የያዝነው፣ በአዲስ አበባ ጥሩ ምሳና አዝማሪ የሚገኝባቸው ቤቶች ዝርዝር አብዛኛው ተሰርዟል። የፒያሳ ሰፊ ክፍል በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲነሡ ዝርዝሩም አብሯቸው ሄደ። አሁን የቤት ስም መመዝገቡን ትተን የጥሩ ቤት ምልክት መያዝ ጀምረናል። ወጥ ሠሪዋም አዝማሪውም ሌላ ሰፈር ገብተው ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ጉዳዩ እነሱን ማግኘት ነው።

ከምሳ እንነሣ። ሥጋ ቤት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ፆም ስለሆኑ ማክሰኞ ማታ የተረፈ ሥጋ ሐሙስን ሊጠብቅ ይችላል፤ የሐሙስ ማታውም እንዲሁ ቅዳሜን። «የዛሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የተሰቀለውን እዩ። ብልቱ ገና ብዙ ሳይነካ ከተሰቀለና ሲቆረጥ ውስጡም ላዩም አንድ ዓይነት ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ከደረቀና ቆራጩ ያንን እየላጠ ከጣለ አድሯል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ምርጫ አለ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ የቀረውን ነው የምትበሉት።

ልኩ፦ ለጥሬ በሰው ሩብ ኪሎ፣ ለጥብስ ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ። ሻኛ ስብ ስለሆነ ብቻውን ይሰለቻል፤ ከቀዩ ጋር አብሮ ይመዘንላችሁ። ጥብስ ስታዝዙ ብልቱን ራሳችሁ ጠቁሙ፣ አጥንት እንዳይበዛበት ሚዛን ላይ ሳይወጣ ተናገሩ፣ «ዘይት አይጨመር፣ በራሱ ስብ ይጠበስ» በሉ። ይህን ካላላችሁ ዘይት ውስጥ የተቀቀለ ሥጋ ይመጣል። እግረ መንገዴን፦ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዛል፤ አዋዜም ሚጥሚጣም አረቄም አይገድሉትም። ለዚህ ደንታ ያለው ጥብሱን ይዘዝ።

በያይነቱ ደግሞ የሚበላው በፆም ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ድስቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ወጡ የዕለቱ ነው፤ ሰኞ ያዘዛችሁት በያይነቱ ግን እሑድን አይቶ ሊሆን ይችላል። ትሪው ላይ ስልጆ (እንዲብላላ የሚተው የባቄላ ዱቄት ማባያ) ወይም የሱፍ ፍትፍት ካለ ቤቱን መዝግቡት። ስልጆ ቀናት የሚፈልግ የልፋት ሥራ ነው፤ እሱን የምትሠራ ሴት ምስሩን በችኮላ አታበስልም። እንጀራውን ጠቅልላችሁ እዩ፦ ሩዝ የበዛበት ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይደርቅና እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። 7 ሰዓት ተኩል ላይ «ሽሮ ብቻ ነው የቀረው» ከተባላችሁ አትከፉ፣ ነገ ቀደም ብላችሁ ተመለሱ።

ከምሳ ወደ ሙዚቃ የሚያሻግረው ድልድይ ጠጅ ቤት ሆኖ አግኝተነዋል። ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ግቡ፣ በአንድ ብርሌ ጀምሩ፣ ደረቅ ይሁን ለስላሳ ለዩ። የማር ጠጅ መጨረሻው ላይ የጌሾ ምሬት ይተዋል፤ ስኳር የበዛበት ጣፍጦ ያልቅና በማግስቱ ራስ ይመታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ማሲንቆ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረው ሰው ነው። 50 ብር ሰጥታችሁ «ማታ የት ነው የምትሠሩት?» በሉት። አስተናጋጅም የታክሲ ሹፌርም የሚያውቁት ታዋቂውን ቤት ነው፤ አዝማሪ ግን አዝማሪን ያውቃል። እሱ ማታ ባይሠራ እንኳ የሚሠራውን ይነግራችኋል።

አዝማሪ ቤት 3 ሰዓት መግባት መቀመጫ ለመያዝ ብቻ ነው፤ ጨዋታው የሚሞቀው ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከቅዳሜ ይሻላሉ። በተለይ በጥር ቅዳሜና እሑድ ጎበዝ ጎበዞቹ ሠርግ ላይ ናቸው። ኪቦርድ ከነምቱ ከፍ ብሎ ማሲንቆው ለመልክ ብቻ የተያዘበት ቤት ከሆነ አንድ ቢራ ጠጥታችሁ ውጡ። በክረምት ደግሞ እርጥበት የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል፣ ድምፁም ይታፈናል። ከመጀመሩ በፊት ቆዳውን ከሰል ላይ የሚያሞቅ፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን ወይም ሙጫ የሚቀባ ካያችሁ እዚያው ቆዩ።

ግጥም መስጠት የሚፈልግ ሁሉ የሚሰናከለው በርዝመት ነው። አዝማሪው አብዛኛውን ጊዜ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ ነው የሚሄድ፤ ስድስት ቀለም (ቃሉ ሲነገር የሚከፈልበት ድምፅ)፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። «ተቀበል» ብላችሁ መጀመሪያ አንዱን ስንኝ ብቻ ስጡ፣

ካዛንቺስ ቢፈርስም ድምፁ መች ይጠፋል

እስኪያዜመው ጠብቁና ሁለተኛውን አስከትሉ፣

ማሲንቆ ሲመታ መንደሩ ይሰፋል።

በጣት ቁጠሩት፦ ካ-ዛን-ቺስ-ቢ-ፈር-ስም፣ ስድስት። «ካዛንቺስ እንኳን ቢፈርስም» ብትሉ ስምንት ይሆንና አዝማሪው ወይ ቃል ይውጣል ወይ ከምቱ ይወጣል፤ ሰው የሚስቀው ግን በእሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠትም አይሆንም፣ የፊተኛውን ሲያዜም የኋለኛው ይጠፋዋል። ግጥም የሌለው ሰው ስሙን፣ የትውልድ አገሩንና ማን ጋር እንደመጣ በጆሮው ይንገረው፤ ቅኔውን እሱ ይሠራዋል። ፖለቲካና ብሔር ግን አታቀብሉት። እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እሱ ነገም እዚያው ነው።

ገንዘቡን ቀድማችሁ በባለ 50ና በባለ 100 ዘርዝሩ። ቤቱ የሚያተርፈው ከመጠጥ ነው፣ ብዙ ቦታ አዝማሪው የሚኖረው በሽልማት ነው። 500 ብር በአንድ ጊዜ ከመስጠት አምስት ጊዜ 100 መስጠት ጨዋታውን ወደ ጠረጴዛችሁ እየመለሰ ያመጣዋል። ግንባር ላይ መለጠፍ ለወንዱ የተለመደ ነው፤ ለዘፋኟና ለእስክስታ ተጫዋቿ በእጅ ስጡ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙው አዝማሪ ቤት ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ማግስት ያዙት። እስከዚያ በገና አለ። የሰንበት ትምህርት ቤቶች የጾም መርሐ ግብር ላይ ያለ ክፍያ ይሰማል። ከፊት ተቀመጡ፤ አሥሩ ጅማት ከእንዚራው (በየጅማቱ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ጋር ሲነዝር የሚወጣው ድምፅ ዝግ ያለ ስለሆነ ከኋላ ሆኖ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ግማሹ ብቻ ነው። ጭብጨባ የለም፣ ስልካችሁንም ከመግባታችሁ በፊት ዝጉ።