ወደብ የሌለበት ቀን
ዛሬ መርከባችን አንድም ወደብ ሳትነካ አትላንቲክ ውቅያኖስን ወደ ምዕራብ ስትሰነጥቅ ዋለች። ካፒቴኑ እኩለ ቀን ላይ በድምፅ ማጉያ ፍጥነታችን 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑንና ከበታችን ያለው ውኃ ከ4,000 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ ሲነግረን፣ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ የነበረው ጫጫታ ለአፍታ ጋብ አለ። ምግቡም ትርኢቱም መልካም ነው፤ እኔን የማረከኝ ግን የመርከቧ የኋላ ክፍል ነበር። የብረት መከታውን ተደግፌ፣ ፕሮፔለሮቹ የናጡት ውኃ መጀመሪያ ነጭ አረፋ፣ ቀጥሎ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ እየሆነ እስከ አድማስ ሲዘረጋ ሳልሰለች ስመለከት ቆየሁ። የዚህ ጉዞ እውነተኛ ድሎት ለእኔ ይህ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ሰዓታችንን ወደኋላ እንመልሳለን፤ ዛሬ ሌሊት የምትጨመርልንን አንድ ሰዓት ከእንቅልፍ ይልቅ ለከዋክብት ልሰጣት ወስኛለሁ።