ሐረግ ስትመጣ 94 ግራም ነበረች

ዛሬ ጠዋት ሐረግን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። 252 ግራም። ባለፈው ጥቅምት ቤቴ ስትገባ 94 ነበረች። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ይህችን ማስታወሻ ላካፍላችሁ ተቀመጥኩ። ከናንተ ውስጥ ጥንቸል፣ ውሻ፣ ዶሮ የምታሳድጉ ብዙ ናችሁ። የኔዋ ትንሽ ለየት ትላለች፤ ቦአ እባብ ናት።

እኛ ትልቅ እባብን ሁሉ ዘንዶ ነው የምንለው። ግን የአገራችን ዘንዶና ቦአ የተለያዩ ናቸው። የኛው ዘንዶ እንቁላል ትጥላለች፣ ተጠምጥማም ትጠብቀዋለች። የቦአ አገሯ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ትወልዳለች። ሐረግን የሰጠኝ ለሥራ እዚህ ከርሞ ወደ አገሩ የተመለሰ ወዳጄ ነው። ከነወረቀቷ፣ ከነስድስት ነጭ አይጦቿ አስረከበኝ። ከጫካ እባብ ይዞ ማሳደግ ግን ፈጽሞ አልመክርም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይያዝም። ሜዳ የለመደ እባብም ሳጥን ውስጥ ሲጨነቅ ነው የሚኖረው።

እኔ የተማርኩት የእንስሳት ጤና ነው። ላም ሆዷ ሲነፋ፣ በግ ሲያስለው ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። እባብ ግን ሌላ ዓለም ነው። ያወቅኩትም በስህተቴ ነው፤ ስህተቴን በደንብ የምነግራችሁ ለዚህ ነው።

ወዳጄ ሲሄድ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ። «በየአሥር ቀኑ አንዴ፣ ከክብደቷ አንድ አሥረኛ። ከዚያ በላይ አትስጣት።» ሰማሁት፤ አልተቀበልኩትም። በኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው በማብላት ነው። እንግዳ ሲመጣ «በሞቴ» እያልን እናጎርሳለን። እማዬ መጀመሪያ ላይ በሩ ጋ ቆማ ነበር የምታያት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ማዘን ጀመረች። «ልጄ፣ ይቺ ፍጥረት በአሥር ቀን አንዴ ብቻ? ኧረ ግፍ ነው!» አለችኝ። እኔም ልቤ ከእማዬ ጋር ነበር። ኅዳር ላይ በየአምስት ቀኑ መስጠት ጀመርኩ። አይጡንም ከፍ አደረግኩት፤ 9 ግራም የነበረው 20 ገባ። እሷ ደግሞ እምቢ አትልም። ቦአ ያገኘችውን ትውጣለች፤ በጫካ ሕይወቷ ነገ ይገኝ አይገኝ አታውቅምና።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። የሐረግ ቤት በሰፈራችን አናጢ የተሠራ የጣውላ ሳጥን ነው፣ ፊቱ መስታወት። በአንድ በኩል ብርሃን የሌለው ማሞቂያ አምፖል አለ፤ ቴርሞስታት ይቆጣጠረዋል። ሞቃቱ ጥግ 31 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 26። እባብ የራሷ የሰውነት ሙቀት ስለሌላት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሄደች ነው ራሷን የምታስተካክለው። ምግብ የሚፈጨውም በዚያ ሙቀት ነው።

አንድ ማታ ትልቁን አይጥ ከዋጠች በኋላ መብራት ጠፋ። ተኝቼ ነበር። ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳየው 17 ይላል። መብራቱ መጣ፣ ሳጥኑ ሞቀ፣ ደህና ናት ብዬ ሥራ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን በሩን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። አይጡ ውሃ መጠጫዋ አጠገብ ወድቋል፤ ፀጉሩ ተላጥቶ፣ ረዝሞ፣ ረጥቦ። ሐረግ ጥግ ላይ ተጠቅልላለች። ሳነሳት እንደ ወትሮዋ እጄን አልጨበጠችም፤ እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠለጠለች። ያን ቀን የተሰማኝን ሐዘን አልረሳውም። በፍቅር ያደረግኩት ነገር ነው የጎዳት።

እባብ ስታስመልስ የሚወጣው ምግቡ ብቻ አይደለም። የሆድ አሲዱም አብሮ ወጥቶ ጉሮሮዋን ያቃጥላል፤ ሆዷም ለሚቀጥለው ምግብ ዝግጁ አይሆንም። ወዲያው እንደገና ካበላችኋት ደግማ ታስመልሳለች፣ እየደጋገመች ልትሞትም ትችላለች። ስለዚህ 14 ቀን ሙሉ ምንም አልሰጠኋትም። ንጹሕ ውሃ ብቻ። እማዬ በየማታው «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ «ዛሬም አይደለም» እላታለሁ። በ15ኛው ቀን ከወትሮው ግማሽ የምታህል ትንሽ አይጥ ሰጠኋት። ከዚያ ሦስት ቀን ሳጥኑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አላስመለሰችም። በስምንተኛው ቀን ጋዜጣው ላይ ጥቁር ቡናማ ኩስና አጠገቡ እንደ ጠመኔ የነጣ ሽንቷን አገኘሁ። የእባብ ሽንት ጠጣር ነጭ ነው። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት፤ እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አለን። አይጡ ከሰውነቷ ወፍራሙ ቦታ አይበልጥም፤ በሚዛንም ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ጥር ላይ 112 ግራም ስትሆን 11 ግራም፣ በየ10 ቀኑ። ሚያዝያ ላይ 164 ነበረች፣ ሰኔ ላይ 196። አሁን በየ14 ቀኑ ነው። ስታድግ ደግሞ እየራቀ ይሄዳል፤ ሙሉ ቦአ በወር አንዴ ብትበላ ይበቃታል። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አልነካትም።

ቶሎ እንድታድግ ብሎ ማጨቅ የሚወዱ አሳዳጊዎች አሉ። በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው። እባቧ ትረዝማለች፣ እውነት ነው፤ ግን ስቡ ጉበቷና ልቧ ዙሪያ ይከማቻል። በደንብ የተያዘች ቦአ 20 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ትኖራለች። ያን ዕድሜ በሁለት ዓመት ጥድፊያ ማሳጠር ለምን? እኔ አሁን ከሚዛኑ ይልቅ ቅርጿን ነው የማየው። ጤነኛ ቦአ ብትቆረጥ ክብ አትሆንም፤ ጎኗ ጠፍጠፍ ያለ፣ እንደ ፎርም ዳቦ ነው። እንደ ቋሊማ ከተድቦለቦለች፣ ስትጠመዘዝ ጅራቷ ጋ የስብ እጥፋት ከታየ፣ በዝቷል። የጀርባ አጥንቷ እንደ ቤት ክዳን ሹል ከሆነ ደግሞ አንሷል።

አይጦቹን ራሴ ነው የማረባው። ስድስቱ አሁን ከሠላሳ በላይ ሆነዋል፤ ነጭ አይጥ በ20 ቀን ገደማ ይወልዳል። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ካሮት እሰጣቸዋለሁ፤ የጤፍ ጭድ አነጥፍላቸዋለሁ። እነሱ በደንብ ካልበሉ እሷም በደንብ አልበላችም ማለት ነው። አይጡን ሙሉውን ስለምትውጥ ካልሲየሙን ከአጥንቱ፣ ቫይታሚኑን ከጉበቱ ታገኛለች፤ ተጨማሪ ዱቄት አያስፈልጋትም። ከቤትና ከጎተራ የሚያዝ አይጥ ግን በጭራሽ! የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥገኛ ትልም ይዞ ይመጣል። አንድ ጎረቤቴ በደግነት በወጥመድ የያዙትን በላስቲክ አድርገው አመጡልኝ። አመስግኜ ምክንያቱን አስረዳኋቸው።

በሕይወት ያለ አይጥም አልሰጣትም። አይጥ ይናከሳል፣ የእባብ ዓይን ያጠፋል። ገድዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ለብቻው በተገዛ ትንሽ ፍሪዘር፣ የቤት ምግብ የሌለበት። ማታ አውጥቼ አቀልጠዋለሁ፣ ጠዋት በላስቲክ ጠቅልዬ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ጅራቱን ይዤ አቀርብላታለሁ። ጠቅ! ሁለት ዙር ትጠመጠምበታለች። ቦአ የያዘችው እንስሳ ልብ መምታቱን በሰውነቷ እንደምታዳምጥና እስኪቆም እንደምታጠብቅ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። እኔም ጅራቱን በቀስታ ነቅነቅ አደርግላታለሁ። ያኔ ጡንቻዋ ቆዳዋ ሥር ሲንቀሳቀስ፣ ቅርፊቶቿ መሐል ያለው ስስ ቆዳ ሲገለጥ ታያላችሁ። ሁልጊዜ ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው።

መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት የማደርገውም ይኸው። ሳጥኑን በውጭ በኩል በፎም ለበጥኩት። አምፖሉ ሲጠፋ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በወፍራም ካልሲ አስገባለሁ፣ ሞቃቱ ጥግ አጋድማቸዋለሁ። የአየር ቀዳዳውን ትቼ ሳጥኑን በጋቢ እሸፍናለሁ። ውሃውን በየሁለት ሰዓቱ እቀይራለሁ። ብርዱ በጣም ከጠና የምግብ ቀኗን እገፋለሁ። ፍሪዘሩ ውስጥ የቀለጠ አይጥ ካለም ይጣላል፤ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

ስለ ቆዳዋም ትንሽ ልበል። የበጋ አየራችን ደረቅ ነው። የመጀመሪያው ቆዳዋ ቁርጥራጭ ሆኖ ነበር የወጣው። እርጥበት መለኪያው 40 ይላል፤ ለቦአ 60 ገደማ ይሻላል። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳሕን በስቼ እርጥብ ፎጣ አስገባሁበት፤ ገብታ ትተኛበታለች። ቀጣዩ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የሁለቱም ዓይኖቿ ሽፋን ሳይቀር አለ፤ እንደ ትንሽ የሰዓት መስታወት ጥርት ያለ። እማዬ በጣቷ ነካ አድርጋ «ተመስገን» አለች።

ርዝመቷ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ለአናጢው የ120 ሴንቲ ሜትር ሳጥን አዝዣለሁ፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል። ዛሬ የምግብ ቀኗ ነበር። ጠዋት ስመዝናት ግን ዓይኖቿ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሰዋል፤ ቆዳ ልትለውጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት እጠብቃታለሁ። እማዬም እንደ ወትሮዋ «ዛሬስ?» ብላ መጣች፤ ዓይኖቿን አሳየኋት፤ ራሷ ፎጣውን አርጥባ አመጣችልኝ።